ፈረንጁን ምን አስጮኸው?

በዚያ የረሃብ ዓመት ቆቦ የመጣውን አስተማሪ እንዴት አልጠርጥረው? ጎፈሬው የጎጆ ክዳን ያህላል፤ ከልብሱ የሮክ ሸክላው ይበዛል። መጽሔት ላይ ያነበበውን ኮንሰርት በዓይኑ እንዳየ አድርጎ ይተርካል። እንዲህ ያለውን ሰው እናንተስ ታምኑታላችሁ? እኔ ሰላይ ነው ብዬ ነበር።

አንድ ቀን የሸክላ ማጫወቻውን ይዞ ሲወጣ ተከተልኩት። ከመንገዱ ዳር፣ ረሃብ ያፈናቀላቸው ሰዎች በተጠለሉበት ግራር ሥር፣ “ትንሽ ላጫውታችሁ” ብሎ ከፈተው። ሸክላው ላይ ያለው ፈረንጅ ጮኸ። አንዲት አሮጊት ደንግጠው ቀና አሉ።

“ልጄ፣ ምን ሆኖ ነው? እሱንም ራበው?”

“አይ እማማ፣ ፍቅረኛው ትታው ሄዳ ነው።”

“ምስኪን! እህል ፍለጋ ወጥታ ይሆናላ። የኔም ልጅ እንደወጣች ቀረች። አላህ ይመልስለት።”

አስተማሪው ማጫወቻውን ዘግቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

“ልጅዎ ስሟ ማን ነው?” አላቸው።

በማግስቱ እኔና አስተማሪው ልጅቷን ፍለጋ ሮቢት ከተማ ሄድን። አላገኘናትም። “ጎብዬ አይቻታለሁ” ያለን ሰው ስለነበር፣ ወደዚያው ቀጠልን።