የግዛው ሆድና የክለቡ ሚዛን

ስሜን ያጠፋው ግዛው ነው፤ የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም። ጊዜው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በፍልሰታ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ። ሰዓቱን ሳይቀር የያዝኩት ቂመኛ ስለሆንኩ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ወንድ ሲያሸንፍ ብቻውን ነው የሚያሸንፈው፤ ሲሸነፍ ግን ሰበብ የምትሆነው ሴት አያጣም። ሚስት ከሌለችው የወንድሙ ሚስት አለችለት።

ግዛው በሳምንቱ ቀናት አውቶቡስ ይነዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በየፌርማታው ቆሞ ያባከነውን ዕድሜ ሊያስመልስ ነው መሰለኝ፣ ባለ ሁለት ወንበር አሮጌ የስፖርት መኪናውን ይዞ ይወዳደራል። መኪናዋን እዚህ ኦስሎ፣ ፉሩሴት በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኔ ሕንፃ ጀርባ ባለ ጋራዥ ውስጥ እንደ ሙሽራ ይኳኩላታል። ወንድሙ በሕይወት ሳለ ስለዚህ መኪና ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን አልጽፈውም። የእሱን ነገር ለራሴ ነው የያዝኩት።

በእነዚህ ሰዎች ውድድር አንድ ሕግ አለ። ውድድሩ እንዳለቀ መኪናው ከነነጂው፣ ነጂው ከነራስ ቁሩ ሚዛን ላይ ይወጣል። ከተወሰነው ክብደት የቀለለ ውጤቱ ይሰረዛል፤ ቀላል መኪና ይፈጥናላ! ስለዚህ የቀለለባቸው ሁሉ ወለሉ ላይ ማካካሻ ብረት በብሎን ያስራሉ።

ግዛው በሐምሌ፣ ከሦስት ሰርግ መልስ፣ መኪናውን ከነራሱ ለሙከራ አስመዘነ፤ ከወሰኑ በብዙ በልጦ ተገኘ። ሒሳቡን የምትሠራለት ልጁ ሳራ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ማዮርስቱን በሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ የምትሠራ መሐንዲስ። ማካካሻውን አትንካው፣ የሰው ክብደት ይለዋወጣል ብትለው፣ ሆዱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «የእኔ ሆድ መቼ ጎድሎ ያውቃል?» አላት። ብረቱ ወጣ። ከወሰኑ በላይ የቀረው ትርፍ ሦስት ኪሎ ብቻ ነበር። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዱ በይፋ ከመኪናው ዕቃዎች አንዱ ሆነ ማለት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል... ፍልሰታ ገባ። በዚያ ዓመት ግዛው የማኅበራችን ሊቀመንበር መሆን አምሮት ነበር። ስለዚህ በጉባኤ ፊት ቆሞ ሱባኤ መግባቱን፣ አሥራ ስድስቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም እንደማይቀምስ አወጀ። ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት እንጂ ከእህል እንደማይጾም ሕፃን ያውቃል። ነገርኩት። የሰነፍ ጾም አልጾምም አለኝ።

ውድድሩ የዋለው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ከማኅበሩ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ መጣ፤ ራሱ ነው የጋበዛቸው። እኔ የማኅበሩን ወጥ ቤት ለዘጠኝ ዓመት የመራሁ ሴት ነኝና ምግቡን ይዤ ሄድኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አየሁት። ቱታው ላዩ ላይ እንደ ድንኳን ተንጠልጥሏል። ሽሮና ጎመን በሰሃን አድርጌ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ጨምሬ፣ እጁ ላይ አኖርኩለት።

ግራ ቀኙን ቃኘ። «እትዬ፣ ሰው እያየኝ?» አለና መለሰልኝ።

ሳራ አጠገባችን ነበረች። ይህን ያዙልኝ።

ነዳ። እውነቱን መደበቅ አልችልበትም፣ ሸጋ አድርጎ ነዳ። ሁለተኛ ወጣ፤ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ በእልልታ አቀለጠው። ወዲያው ሚዛን ላይ አወጡት። ሚዛኑን የምትቆጣጠረው ራግንሂልድ የምትባል ሴት ናት፤ በዕድሜ እኔን ታህላለች፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳለች። መዘነችው። አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ጎደለ። ደግማ መዘነች፣ ያው ነው። በአሥራ አንድ ቀን አምስት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሆድ ወደ ሰማይ አርጓል።

ግዛው ውሃ ልጠጣና እንደገና መዝኑኝ አለ። ከውድድር በኋላ ምንም ነገር መጨመር እንደማይፈቀድ ነገረችው። አንድ ሽማግሌ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው በአጥሩ ላይ ወረወሩለት። ራግንሂልድ ጋቢውን በአየር ላይ ቀለበች፣ በሥርዓት አጠፈች፣ ለባለቤቱ መለሰች። ሲለማመጧት አልተቆጣችም፣ ሲቆጧትም አልፈራችም። በዚያ ዕድሜዋ «እርስዎ ይረፉ» ያላት ሰው አለመኖሩን ልብ አልኩ።

ግዛው ከሚዛኑ ወርዶ ወደ ወገኖቹ ዞረ። በሰባት ሰዓት ተኩል የተናገረው ይህን ነው፦ «ምን ላድርግ? እትዬ ዘነቡ እኮ ሰሃኑን ይዛ እህል ከለከለችኝ።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የእኔ ስም ከሽሮ ጋር ነው የዋለው። በየለቅሶውና በየክርስትናው «ዋንጫ ያሳጡን እትዬ» ተብዬ ተሳቀብኝ። በወሩ ነባሩ የማኅበሩ ሊቀመንበር በትሕትና መጡና ብዙ እንደደከምኩ፣ ጥቂት ባርፍ ደግ እንደሆነ ነገሩኝ። የወጥ ቤቱን ቁልፍ ይዘው ሄዱ። ከባለቤቴ ሞት በኋላ ከቤት የምወጣበት ምክንያት ያ ቁልፍ ብቻ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ለማንም አልነገርኩም።

ዘንድሮ በጸደይ፣ ጋምለ ኦስሎ ባለው አዳራሻችን ዓመታዊው ስብሰባ ላይ፣ ግዛው ያንኑ ወሬ እንደ ተረት ደገመው። ሰው ሳቀ። ተነሣሁ። በውድድሩ ቀን ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የሚዛን ውሳኔ በስልኬ አንስቼው ነበር። መጀመሪያ በኖርዌይኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ አነበብኩላቸው። የተሰረዘበት ምክንያት ክብደት ነው፤ ማካካሻ ብረት እንዳልነበረውም ተጽፏል። ሽሮ የሚል ቃል ግን የለበትም።

ግዛው «እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለ።

«ቀልድ ከሆነ ቁልፉ ለምን ከእኔ ሄደ?»

ከኋላ ሳራ ተነሣች። «ኔይ ፓፓ፣ አይደለም፣» አለች፤ «ምግቡን ሰጥታሃለች፣ እኔ አይቻለሁ። ሰው ያየኛል ብለህ አንተ ነህ የመለስከው። ብረቱንም ያስወጣኸው አንተ ነህ።»

ግዛው ያን ጊዜ ነው ከምር የቀለለው።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ቁልፉን ይዘው ፉሩሴት ድረስ መጡ። እንዳረፍኩ ነገርኳቸውና ሸኘኋቸው። በነጋታው ውድድሩን የሚያዘጋጀው የመኪና ክለብ ለሚሰጠው የሚዛን ተቆጣጣሪዎች ሥልጠና ቅጽ ሞላሁ። ከነጂዎቹ መካከል ዘመድ አለዎት ወይ ይላል። የለኝም የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።