ጽጌረዳዬን ያስበላችኝ ቃል

የእኔ ነገር የተበላሸው ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ሌላ ሰው ነገሩ መቼ እንደተበላሸ ቢጠየቅ ‹‹እንጃ፣ ቀስ በቀስ›› ይላል። እኔ ግን ዕለቱን ብቻ ሳይሆን ሰማዩ ምን ይመስል እንደነበር ጭምር እነግራችኋለሁ። ሰማዩ እንደታጠበ ሰሃን ንጹሕ ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው። የሚያዝያን ሰማይ የሚያምን ሰው ካለ፣ ‹‹መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ›› የሚል ባለቀጠሮንም ይመን።

በረዶ መጣ። በረዶ ስላችሁ ደግሞ ፖስት ካርድ ላይ ያለው እንዳይመስላችሁ። ያኛው እንደተነደፈ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደው፣ ፈረንጅ ካፖርት ለብሶ ፎቶ የሚነሳበት ነው። የእኛው ፎቶ አይወድም። ባቄላ አክሎ፣ ጠጠር እንደሚያራግፍ ገልባጭ መኪና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እየጮኸ ይመጣና ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። የሁለቱም ስም ግን በረዶ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው። አማርኛ ቆጣቢ ቋንቋ ነው። አንዱን ቃል እንደ መንግሥት ትምህርት ቤት መምህር በሁለት ፈረቃ ያሠራዋል፣ ያውም ጭማሪ ሳይከፍለው። ይህን የምለው በምሬት ነው። እኔም መምህር ነኝ፤ የአማርኛ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ቋንቋ ነው። የተመረቅኩት መንግሥት ተለውጦ ብዙም ሳይቆይ ነበር። በዚያ ሰሞን ስለ ቋንቋ የማይናገር ባለሥልጣን አልነበረም። ቋንቋ የተማረ ሰው የት አለ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አላጋጠመኝም። ስለዚህ መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ፣ አንድ ትምህርት ቤት ገብቼ ለልጆች ስምና ግስ ማስለየት ጀመርኩ፤ እዚያው ቅርብ ካለ ጊቢም አንድ ክፍል ተከራየሁ። የገባሁት በበጋ ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

በዚያው ትምህርት ቤት ትርሲት የምትባል የሒሳብ መምህርት ነበረች። ሽማግሌ ልላክ ወይስ አልላክ እያልኩ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድባት፣ አንድ ቀን ‹‹አንተ ምን አለህ?›› አለችኝ። ንብረቴን የጠየቀችኝ መስሎኝ ቀዘቀዝኩ። እሷ ግን ‹‹ማለቴ፣ ከማስተማር ሌላ ምን ትወዳለህ?›› አለች። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ‹‹አበባ አበቅላለሁ›› አልኳት።

‹‹መርካቶ?››

‹‹መርካቶ።››

ሳቀች። ‹‹እንግዲህ ሲያብብ ጥራኝና መጥቼ አያለሁ፤ የሽማግሌውን ነገር ያን ጊዜ እንነጋገራለን።››

በማግስቱ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ችግኝ ከሚሸጥ ሰው የጽጌረዳ ችግኞች ገዛሁና በዘይት ጣሳ ተከልኳቸው። በዚያ ዓመት ሙቀቱ ቸኩሎ ገባ፤ ጽጌረዳዎቼም ቸኮሉ። መርካቶ ፀደይ የሚባል ወቅት አያውቅም፤ የሚያውቀው ሞቅ ያለ ገበያና የቀዘቀዘ ገበያ ብቻ ነው። እኔ በር ላይ ግን ፀደይ ገባ። ገና በሚያዝያ መጀመሪያ እምቡጦቹ ተከፈቱ፤ ቀያይ፣ ድምቅ ያሉ፣ ሰው የሚያስቆሙ። ትርሲትን ለቅዳሜ ቀጠርኳት።

ሞኝ አይደለሁም፤ በረዶ ሊመጣ እንደሚችል አስቤያለሁ። ላስቲክ በጅምላ ከሚሸጡት ጎረቤቴ ከጋሼ ሸምሱ ዘንድ ሄጄ ሰፋ ያለ ላስቲክ እንዲቆርጡልኝ ጠየቅኳቸው።

‹‹ለምንድነው መምህር? ድግስ አለህ እንዴ?››

‹‹አበባ ላለብስ ነው።››

‹‹አበባ?›› አሉ መቁረጫቸውን አስቀምጠው። ‹‹እኔ እስከ ዛሬ የሸጥኩት ለሰርግና ለለቅሶ ነው። ያንተ ከየትኛው ነው የሚመደበው?››

ገና አልታወቀም አልኳቸው።

አሁን ወደ እትዬ ሩቅያ እንምጣ። እትዬ ሩቅያ ከወሎ የመጡ፣ በርበሬ በረንዳ በሚባለው ተራ በርበሬ የሚሸጡ የጊቢያችን ሴት ናቸው። በርበሬ ከነዝንጅብሉ ከነነጭ ሽንኩርቱ ያስደልዙና ጊቢው መሐል፣ የጋራ በሆነችው ባዶ ቦታ፣ ሸራ ላይ ያሰጡታል። የዚያን ሰሞኑ ለፋሲካ ገበያ የተዘጋጀ ነበር፤ ያ ከተበላሸ የዓመት ልፋታቸው አብሮ ይበላሻል። የጊቢው ሰው የራሱ ደንብ አለው። ደመና ሲያንዣብብ መጀመሪያ ያየ ሰው ‹‹ስጥ›› ብሎ ይጮኻል። ይሄኔ የማን በርበሬ ነው፣ የማን ሽሮ ነው አይባልም፤ ሁሉም ይሮጣል። ጠዋት የተሰዳደቡ ጎረቤታሞች የአንድ ሸራ ሁለት ጫፍ ይዘው ሲሮጡ ታያላችሁ። ዝናቡ ሲያባራ ኩርፊያቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ይህን ደንብ ዛሬ ነው የማውቀው። ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ በበጋ ነው የገባሁት ብያችኋለሁ። በበጋ ማን ስለ ስጥ ይጮኻል?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ነበርኩ። ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ጠረጠርኩና ላስቲኬን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ በረዶዎች ቆርቆሮው ላይ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምሩ ላስቲኩን ዘርግቼ፣ ጽጌረዳዎቼን ላለብስ እጄን ከፍ አድርጌ ቆሜያለሁ። እትዬ ሩቅያ ከቤታቸው ነጠላቸውን እየጣሉ ወጡና ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ጮኹ።

‹‹ስጥ፤ ኧረ ስጥ››

እስቲ እናንተ ፍረዱ። አንድ ትልቅ ሰው ፊት ለፊታችሁ ቆመው፣ እጃችሁን እያዩ ‹‹ስጥ›› ቢሏችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ሰጠሁ። ላስቲኩን አሻግሬ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ተቀብለው በርበሬያቸው ላይ ዘረጉት። በረዶው ያን ጊዜ በደንብ ወረደ። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ ጽጌረዳዎቼ አንድ በአንድ ሲረግፉ አየሁ። ነፋሱ የአበባ ቅጠላቸውን ወስዶ ከላስቲኩ ሥር ከተተው። በዚያ ፋሲካ ወጡ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ካለ፣ የእኔ ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ‹‹የመጥበቅና የመላላት ጉዳይ ነው፣ ደህና አድርገህ ብታዳምጥ ትለየው ነበር›› ብሎኛል። በረዶ ቆርቆሮ ላይ እየወረደ መጥበቅና መላላት የሚለይ ጆሮ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። ይልቅ የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ‹‹ስጠኝ›› ቢሉኝ ኖሮ ግስ መሆኑን አውቅ ነበር። ‹‹ስጤን›› ቢሉኝ ስም መሆኑን አውቅ ነበር። እሳቸው ግን እርቃኑን የቀረ ቃል ወረወሩብኝ።

ቅዳሜ ትርሲት መጣች። ላገኛት ስወጣ እትዬ ሩቅያ ቀድመውኛል።

‹‹አንቺ ነሽ የመምህሩ እንግዳ? ነይ እህቴ፣ እዪልኝ›› አሉና ግንድ ብቻ የቀሩትን ጣሳዎቼን አሳዩዋት። ‹‹አበባውን ለበረዶ አሳልፎ ሰጥቶ የእኔን በርበሬ አዳነ። ወላሂ ሳልለምነው ነው የሰጠኝ። አላህ ይስጠው።››

ጋሼ ሸምሱም ከበራቸው ሆነው ‹‹ያ ላስቲክ ለማን እንደሆነ አሁን ገባኝ›› አሉ።

ትርሲት ግንዶቹን አየች፤ በርበሬውን አየች፤ ከዚያ እኔን እንደ አዲስ ሰው አየችኝ። ‹‹ሽማግሌዎቹን ላክ›› አለችኝ።

እዚህ ላይ እንኳን ደስ ያለህ የምትሉኝ ካላችሁ ቆዩ። ትርሲት ያገባችው የሌለ ሰው ነው። ደግ ሰው ነው ያገባችው። እኔ ደግሞ ስጥ ተብሎ የሰጠ ሰው ነኝ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይህን ገና በታጨን ሰሞን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ‹‹ትሕትናህ ደግሞ›› አለችኝ። ስም ነው ግስ ብዬ በጥቁር ሰሌዳ እስከማስረዳት ደርሻለሁ። አንዴ ብቻ ከልቧ አዳምጣኝ፣ ‹‹እሺ፣ ተሳስተህ ይሁን። ግን ሌላ ሰው ቢሆን ‘ምኑን?’ ብሎ ይጠይቅ ነበር እኮ›› አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ጃንጥላዬ በጊቢው ሲዞር ይከርማል። መሰላሌን ከሰው ቤት ሄጄ ነው የማየው። የሚሉትን ስለምታውቁት ምን እደግማለሁ፤ ‹‹መምህር እንደሆነ ይሰጣል።›› ትርሲትም ካፖርቴን ለዘበኛው ሰጥታ ‹‹አንተም ብትሆን ትሰጠው ነበር›› ትለኛለች። አልሰጠውም ነበር። ካፖርቴን እወደው ነበር።

ያን ዕለት ምን ማለታቸው እንደነበር እትዬ ሩቅያን ጠይቄያቸዋለሁ። በሰርግም በለቅሶም፣ ቦኖ ሥር የውኃ ወረፋ ስንጠብቅም ጠይቄያቸዋለሁ። ለአንዱ ሲያወሩ ‹‹ሳልለምነው ሰጠኝ›› ይላሉ፤ ለሌላው ሲያወሩ ‹‹አንዴ ብጠይቀው ሰጠኝ›› ይላሉ። ለእኔ ሲሆን እጄን ይዘው ይስቁና ‹‹አላህ ይስጥህ›› ብለው ያልፋሉ። ‹‹ይስጥህ›› የምትለዋ ቃል ግስ መሆኗን አውቄያለሁ፤ የጠየቅኩት ስለ እሷ አይደለም።

አሁን ጊቢያችን ለልማት ይነሳል ተብሎ ግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቷል። እሳቸው ወደ አንዱ የከተማ ዳርቻ፣ እኛ ወደ ሌላው ዳርቻ ልንሄድ ነው። እዚያ በተደረደረው የኮንዶሚኒየም ፎቅ ውስጥ ስጥ የሚሰጣበት ቦታ ስለሌለ፣ የሚጮኽም አይኖርም።

ስለዚህ እትዬ ሩቅያ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው አይጠፋም፣ ዕቃዎ ሳይጫን በፊት አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ምርቃትዎን አልፈልግም፣ ጠግቤያለሁ። ያን ሐሙስ ዓይኔን እያዩ ‹‹ስጥ›› ያሉኝ፣ ስም ነው ግስ?