ገጹ ነው አልነሣ ያለው

ሕልም የሌሊት ብቻ ይመስላችኋል እንጂ፣ ልጆቼ፣ እኔስ ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ኮምፒውተር ጥገና ቤት አግዳሚ ላይ ቁጭ እንዳልኩ አየሁት።

ኮምፒውተሩ የሟች ባለቤቴ የሙሉነሽ ፎቶዎች ያሉበት ነው። ሌላ ቅጂ የለኝም። ሊኑክስ የሚሉት ነው የተጫነበት፤ ሲያበሩት ይጠቁርና አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጠጋኟ ወይንሸት ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ውስጡ ይሠራል፣ አባባ። የመግቢያ ገጹ ነው አልነሣ ያለው» አለችኝ። እሷ ስትጎረጉር እኔን እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።

በሕልሜ ኮምፒውተሮቹ ሰው በፌስታል ይዘው ተሰልፈዋል። አንዷ ወፍራም ዴስክቶፕ አንድ ሹፌር ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ «ትናንት ደኅና ሲስቅ ነበር፤ ዛሬ ድምፁ ጠፋ» ትላለች። አግዳሚው እኔ ላይ ተቀምጧል። ይከብዳል።

ተራዬ ደረሰ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ መነጽሩን አስተካክሎ አፍንጫዬን ተጫነው።

«አልነሣ አለ» አለ።

«አጥፍተህ አብራው» አለችው ፕሪንተሯ፣ ወረቀት እያኘከች።

አጠፉኝ። አበሩኝ። ፊቴ ያው ጥቁር ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንከው?»

«ከቀብሯ ጀምሮ» አልኩት።

«ይናገራል እኮ። ውስጡ ይሠራል።»

በጆሮዬ በኩል ገቡ። እኔም ጎንበስ ብዬ በገዛ ጆሮዬ ተከትያቸው ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ብቻ ይሮጣል። እኔ ደግሞ ፊደል ቆጥሬ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ አልደርስበት አልኩ። ላፕቶፑ አነበበልኝ።

«ሙሉ ነው ይላል።»

«ሙሉ ናት እንጂ። ሙሉነሽ።»

«ቦታው ነው የሞላው፣ ሰውዬ። ገጹ የሚነሣበት አጣ።»

በሩን ገፋ ሲያደርገው እውነቱን ነው፤ እስከ ጣሪያው እሷ ናት። ሙሉነሽ ታክሲ ስትጠብቅ፣ ሙሉነሽ ጫማዋን ስታወልቅ፣ ስታኮርፍ፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ስታፍን። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ያን ፊት አንድ ጊዜ ባየው ብዬ አንገቴን አሰገግኩ፤ አልሆነልኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠበበን እኮ» አለች አንዷ ሳትዞር። «ጥቂታችንን አስወጣ።»

«ማንሽን ላስወጣ?»

«ያኮረፍኩትን።»

«እሷንማ እንዴት አድርጌ? ስታረቃት አይደል ዕድሜዬ ያለቀው።»

«እንግዲያው ሳል የያዘኝን።»

«እሷንም አልችልም፣ ሙሉዬ።»

«ድሮም አንተ ዕቃ መጣል አትወድም» አለች።

ላፕቶፑ ትዕግሥቱ አልቆ ላጲሱን አወጣ። «ወስን እንግዲህ። ምን ይጥፋ?»

«እኔ ያለሁበት ሁሉ ይጥፋ» አልኩ። «የእሷ አይነካ።»

ይሄኔ ሙሉነሾች ሁሉ ባንዴ ወደ እኔ መዞር ጀመሩ። ጉንጯን አየሁ፤ የዐይኗን ጥግ አየሁ፤

«አባባ፣ ይንቁ። ተነሣልዎት።»

ወይንሸት ናት፤ ትከሻዬን ይዛኛለች።

«ቦታ ሞልቶበት ኖሯል። እንዳሉኝ አደረግኩ» አለች።

«ምን አልኩሽ?»

«ምን ይጥፋ ብዬ ስጠይቅዎት፣ ‹እኔ ያለሁበት ሁሉ ይጥፋ፣ የእሷ አይነካ› አሉኝ እኮ። ዐይንዎን ጨፍነው ሲናገሩ፣ ሐዘኑ ጸንቶብዎት ነው ብዬ እርስዎ ያሉበትን አንድ በአንድ ለቅሜ አጠፋሁት። ተሳሳትኩ እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ ፎቶዎቹን አየሁ። ሠርጋችን የለም። ልጃችንን ክርስትና ያስነሣን ቀን የለም። ሐይቅ ዳር ተቃቅፈን የቆምንበት የለም። የቀሩት እሷ ብቻዋን የሆነችባቸው ናቸው፤ እኔ አንሺ፣ እሷ ተነሺ። በሁሉም ላይ ቀጥ ብላ የምታየው እኔን ነው።