ሁለቱ ባጃዎችና የመዳብ ሽቦው

(ረፋድ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ በር። ከአጥሩ ጀርባ ትራንስፎርመሮቹ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማሉ። ሁለት ጥበቃዎች ራስ ቅል የተሳለባት አንዲት የቆርቆሮ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ።)

ሊቁ፦ ራስ ቅሉ ወደ ውጭ ይዙር አልኩህ።

ኤሊው፦ ወደ ውጭ ከዞረ እኛ በምን እናውቃለን?

ሊቁ፦ ምኑን?

ኤሊው፦ አደገኛ መሆኑን።

ሊቁ፦ እኛማ ጥበቃዎች ነን። ሰሌዳው ለሌባ ነው።

ኤሊው፦ ሌባው ማንበብ ባይችልስ?

ሊቁ፦ ለዚያ እኮ ነው ራስ ቅል የተሳለው።

ኤሊው፦ (ትኩር ብሎ አይቶ) ይሄ ግን የሚስቅ ይመስላል። ‹ግቡ፣ ቤት የእግዜር ነው› የሚል ዓይነት።

ሰሌዳው ወደ ውጭ ዞረ። ሊቁ በክርክር ተረትቶ አያውቅም። ሁለቱ እህትማማቾች ያገቡ ባጃዎች ናቸው። ትልቋን ያገባው ተረኛ አለቃው ነው፤ ሬዲዮ ላይ የሰማውን ሁሉ እሱ ካልተነተነው ያልተነገረ ስለሚመስለው «ሊቁ» ይሉታል። ታናሿን ያገባው ደግሞ መዝገብ ላይ አንድ ስም ጽፎ እስኪጨርስ ሻይ ስለሚቀዘቅዝ «ኤሊው» ተባለ።

ያን ሰሞን ሊቁ እረፍት አልነበረውም። ባለፈው ሳምንት ሌቦች ጎረቤት ጣቢያ ገብተው የመሬት ሽቦውን፣ ያንን አምልጦ የወጣ ኤሌክትሪክን ወደ አፈር የሚያወርድ መዳብ፣ ቆርጠው ወስደዋል። በማግስቱ የብረት በሩን የነካ አንድ የጥገና ሠራተኛ እጁ ተቃጠለ። የእነሱ ጣቢያ ደግሞ የሚመግበው ሆስፒታሉን ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የሁለቱም አማት ኦክስጅን ማሽን ላይ ተኝተዋል።

ኤሊው፦ መብራት ቢጠፋ እማማ ምን ይሆናሉ?

ሊቁ፦ መብራት ቢጠፋም እሳቸው አይጠፉም። አታስብ።

እንዲህ ይበል እንጂ፣ ትናንት ሊጠይቃቸው ሲሄድ አማቱ እጁን ጨብጠው «አደራህን» ብለውታል። ዕድሜ ልካቸውን ያላመኑትን ሰው ያኔ ማመናቸው ነበር ያስፈራው። ስለዚህ ባጃውን አስቀምጦ ጥቃት ከየት እንደሚመጣ ያስተምረው ጀመር።

ሊቁ፦ ጠላት በር አያንኳኳም። አጥር ይቆርጣል። ወይ ኮረብታው ላይ ተኝቶ ትራንስፎርመሩን በጥይት ይመታል፣ ማቀዝቀዣ ዘይቱ ፈሶ ያልቃል፣ ከተማው ድርግም ነው። ዓይንህን ከኮረብታው ላይ አታንሳ።

ኤሊው፦ ኮረብታው የቱ ነው?

ሊቁ፦ (ዙሪያውን ቃኝቶ ሜዳ ብቻ ሲያይ) ቢኖር ነው የምልህ።

በሩ ተንኳኳ። ቢጫ ሄልሜት የደፋ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ፣ ባዶ ጆንያና የብረት መሰላል የያዘ ሰውዬ ቆሟል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመሬት ሽቦውን እንዲፈትሽ እንደተላከ፣ ደብዳቤውም ከኋላ እንደሚደርስ ተናገረ። ኤሊው ደብዳቤው ይቅደም ሲል ሰውዬው አልተከራከረም፤ ዞር ብሎ ሊቁን «ኢንጂነር» አለው። ቃሉ በሊቁ ጉሮሮ እንደ ማር ወረደ።

ሊቁ፦ ክፈት።

ኤሊው፦ ደብዳቤ የለውም እኮ።

ሊቁ፦ ሄልሜት አለው። ሌባ ሄልሜት ያደርጋል?

ኤሊው፦ ጭንቅላቱን የሚወድ ከሆነ።

ሊቁ፦ ተረኛ አለቃ ማነው?

ኤሊው፦ አንተ።

ሊቁ፦ ስለዚህ ክፈት። (ወደ ሰውዬው) መሰላሉን ወዲህ በል ወንድሜ፣ እኔ ልያዝልህ።

ኤሊው፦ ባጃዬ፣ መሰላሉ እዚሁ ይቅር።

ሊቁ፦ ቀናህ?

ኤሊው፦ እንግዲያው አጋድመህ ያዘው። ቀና እንዳታደርገው።

ሊቁ፦ ደሞ መሰላል አያያዝ ልታስተምረኝ?

ሊቁ እንግዳውን ግቢውን አዞረው። ካሜራው የማያየውን ጥግ አሳየው፤ የላላውን የአጥር ችካል፣ ከሁሉ የወፈረውን ሽቦም ሳይቀር። ሰውዬው ትንሽ ይጠይቃል፣ ብዙ ያመሰግናል። አጥሩ ሥር ያለውን ሽቦ «አርጅቷል፣ በአዲስ ይለወጣል» ብሎ ሲቆርጥ የጆንያውን አፍ ከፍቶ የያዘለት ሊቁ ነበር። ሰውዬው ቀጥሎ ወደ ሆስፒታሉ ትራንስፎርመር ሲያመራ ግን ሊቁ የአማቱ እጅ ትዝ አለውና ያቺን ለዛሬ ብንተዋትስ አለ። ሰውዬው አንድ ደቂቃ አይፈጅም አለው። ኢንጂነር ሆኖ እንቢ ማለት ከበደው። ይህን ጊዜ ከበሩ በኩል የሰንሰለት ድምፅ ተሰማ።

ኤሊው፦ (ከውጭ ቆሞ፣ በሩን እየቆለፈ) ሌባ ገብቷል።

ሊቁ፦ በየት በኩል?

ኤሊው፦ በበር በኩል።

ሊቁ፦ ማነው ያስገባው?

(ኤሊው ቁልፉን ኪሱ ይከታል።)

ሊቁ መሰላሉን ነጥቆ ሮጠ። አጥሩ ላይ አስደግፎ ጫፍ ድረስ ወጣና ሌባውን ሜዳው ላይ ይፈልግ ጀመር። እውነተኛው ሌባ ጆንያውን ጥሎ መጣና ከሥር ሆኖ መሰላሉን ቢነቀንቅ፣ ሊቁ ወደ ታች ሳያይ «እንዳትወጣ፣ አደጋ አለ» አለው። ሦስት ሜትር አጥር በእሾህ ሽቦ ተከቧል። ሰውዬው የላላውን ችካል ገፍቶ አልሆን ሲለው ቀዳዳ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ዞረው። ፖሊሶች ከጥገና ሠራተኞቹ ጋር ሲደርሱ ቁጭ ብሎ ሄልሜቱን በእጁ ይዞ ነበር።

ሊቁ ከመሰላሉ ወረደ። የሆስፒታሉን ትራንስፎርመር ወፍራም ሽቦ ሄዶ በዓይኑ አየው፤ እንዳለ ነው። ያኔ ተነፈሰ።

ሊቁ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አውቀህ ነው ያስገባኸው?

ኤሊው፦ የመብራት ሠራተኛ እዚህ የብረት መሰላል ይዞ አይገባም። ከላይ ያለውን ሽቦ ከነካ ከነተሸካሚው ከሰል ነው። በር ላይ ብመልሰው ሌላ ጣቢያ ይሄዳል። አንተም ክፈት አልክ። ከፈትኩ፣ ደወልኩ።

ሊቁ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ኤሊው፦ እሱ ፊት እንዴት ብዬ? አጋድመው አልኩህ እኮ።

የፖሊሶቹ አለቃ መዝገቡን ጠየቀ። ኤሊው በዝግታ ጽፎ የጨረሰውን ገጽ አቀረበለት። መኮንኑ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ረፋድ አራት ሰዓት ከሩብ የገቡ። ሌባ፣ አንድ። ረዳት፣ መሰላል ተሸካሚ፣ አንድ።» አንዱን ይዘናል፣ ረዳቱስ የት ደረሰ ሲል ጠየቀ።

ኤሊው፦ አጠገብዎ የቆመው ነው። ግን ይተዉልኝ፣ ባጃዬ ነው። ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።

(መኮንኑ ካቴናውን አውጥቶ ሊቁን ሽቅብ ቁልቁል ያየዋል።)

ሊቁ፦ እውነቱን ነው ጌታዬ። ምንም አላውቅም።