ስለ ጁማና የቧንቧ ፊሽካ የተባለውና የተወሰነው

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት
ቦታ፦ የቴል በርቁቅ ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ማራገቢያው የሚሠራበት ክፍል
ሰብሳቢው አካል፦ የአዲስ ፈጠራ ማበረታቻ ኮሚቴ

የተገኙ፦
አቡ ሀዛዕ፣ ሊቀመንበር
ኡስታዝ ጃደላህ፣ ከሕግ ክፍል
ኢንጂነር ሱሄር፣ ከውሃ ክፍል
ሐጃ ፊዳ፣ የነዋሪዎች ተወካይ
ጁማና፣ አመልካች፤ ከአራት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ደግሞ ጸሐፊ

ያልተገኘ፦ ቋሚ ጸሐፊው ነሽአት፣ በአጎቱ ልጅ ሰርግ ምክንያት። ሰርጉ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ከአምስቱ አባላት አራቱ ስላሉ ምልአተ ጉባኤው ሞልቷል ተባለ። የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ሊቀመንበሩ "እስክርቢቶ የያዘ አለ?" ብለው ጠየቁ። የያዘችው አመልካቿ ብቻ ነበረች። ኡስታዝ ጃደላህ "የራሷን ጉዳይ ራሷ ልትጽፍ?" ብለው ተቃወሙ። እርስዎ ይጻፉ ሲባሉ ተቃውሟቸውን አነሱ።

አጀንዳ 1፦ ፊሽካዋ ምንድን ናት?

አመልካች አስረዳች። ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ ትመጣለች ይባላል እንጂ ስንት ሰዓት እንደምትመጣ የሚያውቅ የለም። ሰው ሥራውን ትቶ ቧንቧ ሥር ቁጭ ይላል። ውሃዋ ከመድረሷ በፊት ግን ቧንቧ ውስጥ የነበረው አየር እየተገፋ ይወጣል። አመልካች የማንቆርቆሪያ ፊሽካ ነቅላ ቧንቧው ላይ ገጠመች። አየሩ ሲመጣ ይጮሃል፣ ሰው ሮጦ ታንከሩን ይሞላል። በቃ፣ ይሄው ነው። ሠላሳ አንድ ሠርታ ጨርሳለች። አርብ ገበያ ላይ ለመሸጥ የዚህ ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ያለ ፈቃድ ካወጣቻቸው ደንብ አስከባሪ ይወርሳቸዋል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ስለሆነ፣ ዛሬ ካላለቀ ዓመት ሙሉ አልጋዋ ሥር ይቀመጣሉ።

ኡስታዝ ጃደላህ "ፊሽካ የትራፊክ ፖሊስ ነው። እኛ ምን አገባን?" አሉ። ሐጃ ፊዳ "የኔ ባል ሲያንኮራፋ መንገድ ማዶ ይሰማል። እሱስ ከየትኛው ቢሮ ነው ፈቃድ ያወጣው?" ብለው ጠየቁ። ባልየው አጀንዳ ላይ እንዳልተያዙ ተገለጸላቸው።

ሊቀመንበሩ ኢንጂነር ሱሄርን የውሃ ክፍል ምን እንደሚል ጠየቋት። "አቡ ሀዛዕ፣ ውሃውን የምንለቀው እኛ ነን፤ መቼ እንደምንለቀው ግን እኛም አናውቅም። ለኔም ቤት አንድ ብትገጥምልኝ ደስ ይለኛል" አለች። ወዲያው ይሄ ንግግር ከቃለ ጉባኤው ይውጣልኝ ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዕቃዋ "ድምፅ ያለው የቧንቧ ክፍል" እንድትባል ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ቅጽ ቁጥር 7

ኡስታዝ ጃደላህ ማመልከቻው ጎዶሎ ነው አሉ። ቅጹ "ከዚህ በፊት ለተመሳሳይ ዕቃ የተሰጠ ፈቃድ ኮፒ ይያያዝ" ይላል፤ አልተያያዘም።

አመልካች "ኡስታዝ፣ አዲስ ነው እኮ። ከዚህ በፊት የለም" አለች።

"ከሌለ ምኑን አይተን ነው የምንፈቅደው?"

"ካለ ደግሞ አዲስ አይደለም ትሉኛላችሁ።"

"እሱ ቅጽ ቁጥር 8 ነው።"

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ መታች። ይመዝገብ ተባለ፤ ተመዝግቧል። ጠረጴዛው ድሮም አንድ እግሩ የተሰበረ መሆኑ ይመዝገብ አለች፤ እሱም ተመዝግቧል። ሊቀመንበሩ "ልጄ፣ ተረጋጊ፣ ሻይሽን ጠጪ" አሉ። ጸሐፊዋ ብርጭቆው ውስጥ ስኳር እንጂ ሻይ እንደሌለ አስታወቀች።

ቀጥሎ የትምህርት ማስረጃ ተጠየቀ። አመልካች ከአሥረኛ ክፍል ማቋረጧ ታወቀ። ኡስታዝ "ዲፕሎማ የሌለው ሰው እንዴት አድርጎ ይፈጥራል?" አሉ። ሐጃ ፊዳ "የኔ ልጅ ሁለት ዲፕሎማ አለው። አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ ወጥቼ የምቀይረው ግን እኔ ነኝ" አሉ። ምን ለማለት እንደፈለጉ ተጠይቀው "ገብቷችኋል" ብለዋል።

በሦስት ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ (ሐጃ ፊዳ) የሚከተለው ተወሰነ፦ ከዚህ በፊት ተመሳሳዩ ተፈቅዶ የማያውቅ ማንኛውም አዲስ ነገር በማዘጋጃ ቤቱ ተቀባይነት እንዳይኖረው፤ ለናሙና የቀረበችውም ፊሽካ ሌላ ሰው ቀድሞ እስኪፈጥራት ድረስ የሕግ ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባት እንድትቆይ። ተቆለፈባት።

አጀንዳ 3፦ የጥናት ጉዞ

ሌላ ሰው ቀድሞ ፈጥሯት እንደሆነ ሄዶ የሚያይ ቡድን እንዲላክ ሐሳብ ቀረበ። ኡስታዝ ሲንጋፖር አሉ። ሊቀመንበሩ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ፍል ውሃ ያለበት አገር ይሁን አሉ። ሁለቱም ተደገፉ። ሐጃ ፊዳ "እኔስ?" ሲሉ "እርስዎ የነዋሪ ተወካይ ነዎት፤ ነዋሪ ይኖራል እንጂ አይሄድም" ተባሉ። አመልካች መሄዷ አጀንዳም አልሆነ።

ከናፌ የሚባለውን ጣፋጭ ለመብላት አሥር ደቂቃ ዕረፍት ተወሰደ። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ስብሰባው ቀጠለ።

አጀንዳ 4፦ ውሳኔውን መፈረም

ጸሐፊዋ የተወሰነውን ጮክ ብላ አነበበች። "ተመሳሳዩ ተፈቅዶ የማያውቅ ማንኛውም አዲስ ነገር" የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመችና "ይሄ ኮሚቴ ራሱ ከዚህ በፊት ነበር?" ብላ ጠየቀች።

ሊቀመንበሩ "የለም። አምና ነው የተቋቋመው፤ በቴል በርቁቅ የመጀመሪያው ነው" አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

"እሺ፣ የማን ኮፒ ተያያዘለት?"

ሊቀመንበሩ "ነገር አትፈልጊ፣ ጻፊ" አሉ። ኡስታዝ ጃደላህ ግን ተነስተው የኮሚቴውን ማቋቋሚያ ፋይል አወጡ፤ ገጽ በገጽ ገለጡት። ሦስት ገጽ ነው፤ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው "ልጅቷ ልክ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ፤ ደንብ ለሌላው ብቻ አንብቤ አላውቅም" አሉ።

ስለዚህ በኡስታዝ አቅራቢነት፦ ኮሚቴው አዲስ ነገር ስለሆነና ተመሳሳዩ ተፈቅዶ ስለማያውቅ ተቀባይነት የለውም፤ ዛሬ የወሰነውም ሁሉ፣ የፊሽካዋን ስም፣ ቁልፉን፣ ሲንጋፖርንና ፍል ውሃውን ጨምሮ፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወሰነ። ኢንጂነር ሱሄር "ውሳኔው ከተሻረ ግን ኮሚቴው ተመልሶ አለ ማለት አይደለም?" ብላ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ "ሱሄር፣ ቤትሽ ሂጂ" አሉ።

ኡስታዝ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ፊሽካዋን ለባለቤቷ ለጁማና መለሱ። ባለቤቷም "አርብ ደንብ አስከባሪ ቢመጣብኝስ?" አለች። "ፈቃድ የሚሰጥ በሌለበት ፈቃድ አልያዝሽም ተብሎ አይወረስም። ካስቸገሩሽ እኔ ገበያ መጥቼ አንቀጹን አነብላቸዋለሁ" አሏት።

ስብሰባው ስላልተካሄደ በሰባት ሰዓት ተኩል አበቃ።

ፊርማ፦ በሌለ ኮሚቴ ስም አንፈርምም ስለተባለ ወረቀቱ ለትዕዛዝ መቀበያ ዋለ። ሐጃ ፊዳ ሁለት ፊሽካ፣ ፈርመዋል። ኢንጂነር ሱሄር አንድ፣ ፈርማለች። አቡ ሀዛዕ አንድ፣ ባለቤታቸውን የማይቀሰቅስ፣ ፈርመዋል። ኡስታዝ ጃደላህ አንድ፤ የሚፈርሙት ደረሰኝ ሲቆረጥላቸው ነው።