የማቅለሽለሽ ግለ ሂስ

ሚስቱን ማቅለሽለሽ ሲጀምራት ደረቱን የሚነፋ ባል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቦንጋ ውስጥ፣ ያውም ቢሮ ግምገማ ላይ አይቻለሁ።

የመዝገብ ቤቷ አልማዝ ተራዋ ደርሶ ተነሳች። «ስብሰባ ላይ ታንቀላፋለች፤ ቡና ሸተተኝ እያለች ለማስመለስ ትሮጣለች» ተባለች። እንግዲህ በከፋ ምድር ቡና የሸተታት ሴት ምን እንደሆነች ለማወቅ ሐኪም ያስፈልጋል? ሰብሳቢያችን ግን «የአመለካከት ችግር» ብለው ጻፉ።

ይኼኔ ባሏ አሰፋ፣ እሱም የሥራ ባልደረባችን ነው፣ ኮቱን ቆልፎ ብድግ አለ። ልጅ ሲጠብቁ አሥር ዓመት እንዳለፋቸው ልብ በሉልኝ!

«ግለ ሂስ ላድርግ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ግን ኮስተር ብለው፣ «ሁለተኛ እንዳይደገም!» አሉ።

አሰፋ ደረቱን ነፋ። «ኧረ ይደገማል፣ ጌታዬ!»