ያልተበሳው የብረት ቆብ

የሰው ልጅ ለራሱ ሲል ያልፈለሰፈው ነገር የለም፤ ጥምጣሙ፣ ሻሹ፣ ባርኔጣው፣ ሲብስም የብረት ቆቡ። እኛ ጎጃሞች ግን የብረት ቆብ ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ጥይት ይመልሳል ወይ?» ብለን አይደለም። «ውሃ ይይዛል ወይ?» ነው። አትሳቁ። ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሲሄድ የጣለውን ቆብ ገበሬው ለቅሞ፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በሰም ደፍኖ፣ ዶሮ ሲያጠጣበት ኖሯል።

እነዚያን ቆቦች ከዶሮ አፍ ነጥቀው ለወግ ያበቋቸው አያ መኮነን ናቸው። በደርግ ጊዜ ቡሬ ላይ የሳህን ነጋዴ ነበሩ። ከጅጋ እስከ ሽንዲ ገበያ ሲዞሩ የብረት ቆብ ያለው ሰው ካገኙ አዲስ ጎድጓዳ ሳህን ሰጥተው ቆቡን ይወስዳሉ። ገበሬው «አሞኘኋቸው» ብሎ ይሄዳል፤ እሳቸውም «አሞኘሁት» ብለው ይመለሳሉ። ሁለቱም ወገን እንዲህ ደስ ብሎት የሚለያይበት ንግድ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ጓዳቸው ገብታችሁ ብታዩ! የጣሊያኑ እንደ ቅል ክብ ሆኖ ራስ እንዲተነፍስ በጎንና በጎኑ፣ በኋላውም የተበሳ፤ የእንግሊዙ ደግሞ ከላይ የሚወርድ ፍንጣሪ ትከሻ እንዳይመታ ክፈፉ የሰፋ ዝርግ። አያ መኮነን እያንዳንዱን በጨርቅ ሲወለውሉ ዕቃ የሚያጸዱ ሳይሆን ሕፃን የሚያጥቡ ይመስሉ ነበር።

ታዲያ የሚሊሻ ምልመላ መጣና የጎረቤታቸው የእትዬ ጥሩነሽ አንድ ልጅ ይሁኔ ተመለመለ። እኔ ሳህን ልገዛ ገብቼ ሳለ እናትና ልጅ መጡ። እትዬ ጥሩነሽ ቆቦቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ።

«አያ መኮነን፣ ይኸን ሁሉ ጦርነት አልፎ አንዱም በጥይት አልተበሳ! የጣሊያኑን ለልጄ ይስጡልኝ። እሱን ከደፋ ምን ይነካዋል?»

«እኔማ እሱን ደፍቼ ምሽግ ለምሽግ አልሽሎከሎክም፤ ቆሜ ነው የምተኩሰው!» አለ ይሁኔ፣ ደረቱን ነፍቶ።

አያ መኮነን ክው አሉ። «እትዬ ጥሩነሽ፣ ጥይት የበሳውማ ውሃ አይይዝም። ቀጥቃጭ ወስዶ ማጭድ አደረገው። እዚህ የሚያዩት ጥይት ያላገኘው ብቻ ነው» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። እናትዬዋ «ለልጄ ሰሰቱ» ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

አያ መኮነን የጣሊያኑን ቆብ አነሱ። የቆዳ ማሰሪያው ሳይቀር ያልተነካ፣ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ነው። እናትና ልጁን፣ እኔንና ምንሽር የያዘ አንድ የቀበሌ አብዮት ጥበቃን አስከትለው ከከተማው ወጡ። ቆቡን ጉቶ ላይ አስቀመጡትና ጥበቃውን «ተኩስ» አሉት። ሰውየው የእውነታቸውን መሆኑን ደጋግሞ ጠየቃቸው። ከዚያ ተኮሰ።

ይሁኔ ሮጦ አነሳው። ጥይቱ በቆቡ ግንባር ገብቶ በማጅራቱ ወጥቷል። ጣቱን በቀዳዳው እንደሰደደ ቀረ፤ ያ ሁሉ ፉከራ የት እንደገባ እንጃ።

«የሚሰጡህን ቆብ እንዳታወልቅ» አሉት አያ መኮነን። «ድንጋይና ፍንጣሪ ይመልስልሃል። ከጥይት የሚያድንህ ግን መጎንበስ ነው፣ ልጄ።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ቡሬ አዞሩ። ያን ቀን እኚህን ሰው ከልቤ ወደድኳቸው። የሚሳሳለትን ነገር ለሰው ልጅ ብሎ በገዛ እጁ የሚያስመታ ሰብሳቢ ስንት አለ?

የሽኝቱ ዕለት ፍኖተ ሰላም ላይ እናቶች «አንገትህን እንዳትደፋ!» እያሉ ልጆቻቸውን ያጀግናሉ። መኪናው ሊነሳ ሲል እትዬ ጥሩነሽ ከመካከላቸው ጮኹ።

«ጎንበስ በል፣ ይሁኔ! ልጄ፣ ጎንበስ!»

በእኛ አገር እናት እንዲህ ብላ ልጇን አትሸኝም። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ አንድ ሽማግሌም ፊታቸውን አዞሩ።

ይሁኔ ከዓመታት በኋላ በሕይወት ተመለሰ። ብቻ አንድ አመል ይዞ መጣ፤ በየትኛውም በር፣ በሰፊው የቤተ ክርስቲያን በር እንኳ ሳይቀር፣ ሳይጎነብስ አይገባም። ጎረምሶች ሲስቁበት እትዬ ጥሩነሽ ከሰሙ ቆጣ ይላሉ።

«ተዉት፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»